ከጠያቂው ወንበር፦ ለቃለ መጠይቅ መዘጋጀት፣ ከተቀጠሩም በኋላ መታመን

ሥራዬ ሠራተኛ መመልመል ነው። ለዓመታት ከሁለት ወይም ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ተቀምጬ አመልካቾችን ስጠይቅ፣ ስሰማና ነጥብ ስሰጥ ኖሬአለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ፣ የመጋዘን ኃላፊ፣ ሾፌር፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የፕሮጀክት አስተባባሪ፤ የሥራው ዓይነት ቢለያይም አብዛኞቹ የሚወድቁበት ቦታ ተመሳሳይ ነው። ችሎታ አጥተው አይደለም። ችሎታቸውን የሚያስረዳ አንድ ተጨባጭ ነገር ሳይዙ ስለሚገቡ ነው። «ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ፣ የሥራ ጫና እችላለሁ» ይሉኛል፤ እኔ ግን ከፊቴ ባለው ቅጽ ላይ የምጽፈው አጣለሁ። ጥሩ ሠራተኛ እንደሚሆን ልቤ እየነገረኝ ዝቅተኛ ነጥብ የሰጠሁት ሰው ብዙ ነው፤ ይህ ያንገበግበኛል። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ጠያቂው ፊት ያለው ቅጽ

ብዙ ሰው ቃለ መጠይቅ ማለት ጠያቂው ደስ ሲለው የሚያሳልፍበት፣ ደስ ሳይለው የሚጥልበት ነገር ይመስለዋል። ሥርዓት ባለው መሥሪያ ቤት ግን ጥያቄዎቹ አስቀድመው ይጻፋሉ፤ ለሁሉም አመልካች እኩል ይቀርባሉ፤ ለእያንዳንዱ መልስ ለምሳሌ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ጠያቂዎቹ ሳይመካከሩ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይሞሉና በመጨረሻ ይደመራል። ከነጥቡ ጎን አመልካቹ የተናገረው የሚጻፍበት ባዶ ቦታ አለ። በነጥብ ካልተስማማን የምንከራከረው እዚያ በተጻፈው ላይ ነው። ባዶ ከሆነ የሚከራከርላችሁ አይኖርም።

እዚህ የተደረሰው በብዙ ሙከራ ነው። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1921 ሥራ ፈላጊዎችን ከመቶ በላይ በሆኑ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄዎች ይፈትን ነበር። ጎግልም ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ሲጠይቅ ከቆየ በኋላ፣ የሰው ኃይል ኃላፊው የነበሩት ላዝሎ ቦክ እ.ኤ.አ. በ2013 እንቆቅልሾቹ ማን ጥሩ ሠራተኛ እንደሚሆን እንደማይጠቁሙ፣ ጊዜ ማባከኛም እንደነበሩ በይፋ ተናገሩ። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር የተባሉ ተመራማሪዎች የ85 ዓመት ጥናቶችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ሥራ፣ ጥያቄውና የነጥብ አሰጣጡ ወጥ የሆነ ቃለ መጠይቅ እንደመጣ ከሚደረግ ጭውውት የበለጠ እንደሚታመን አሳዩ። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ስሌቱን እንደገና ሲሠሩት ደግሞ ከመመልመያ ዘዴዎች ሁሉ ከፊት ሆኖ ያገኙት ይህንኑ ነው። አሁን «ከሥራ ባልደረባህ ጋር ያልተስማማህበትን ጊዜ ንገረን» የሚሉ ጥያቄዎች የበዙት በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ነገ የሚሠራውን ለመገመት ትናንት የሠራውን መስማት ይሻላል።

እንግዲህ ዝግጅታችሁ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያምራ፦ ጠያቂው ወረቀቱ ላይ ሊያሰፍረው የሚችል ነገር መናገር።

ከመጠራታችሁ በፊት

የሥራ ማስታወቂያውን አትሙት ወይም በእጃችሁ ገልብጡት። የተጠየቀውን እያንዳንዱን ነገር አስምሩበትና ከጎኑ በሕይወታችሁ ያጋጠመ አንድ እውነተኛ ጉዳይ ጻፉ። «ዝርዝር ጉዳዮችን የሚከታተል» ይላል? መቼ ነው ሌላው ያለፈውን ስህተት ያገኛችሁት? «ከደንበኛ ጋር በአግባቡ የሚነጋገር» ይላል? የተቆጣ ሰው ያረጋጋችሁት የት ነው? ከስድስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ጉዳዮች በደንብ ከተዘጋጁ አብዛኛውን ጥያቄ ይሸፍናሉ፤ አንዱ ጉዳይ ለሁለት ለሦስት ጥያቄ ያገለግላልና።

አዲስ ተመራቂዎች «እኔ ምን ልምድ አለኝ?» ይላሉ። የመመረቂያ ጥናት፣ የተግባር ልምምድ፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ፣ የክፍል ተጠሪነት፣ የቡድን ሥራ ላይ አንዱ አልሠራ ሲል ያደረጋችሁት፤ ይህ ሁሉ ይቆጠራል። የምንፈልገው ችግር ሲገጥማችሁ እንዴት እንደምታስቡ ነው፤ ደመወዝ ይከፈላችሁ አይከፈላችሁ አይደለም።

እያንዳንዱን ጉዳይ በአራት መስመር አስቀምጡት፦ ሁኔታው ምን ነበር፣ የእኔ ኃላፊነት ምን ነበር፣ ምን አደረግሁ፣ ውጤቱ ምን ሆነ። ለመጋዘን ሥራ የቀረበ ሰው «በንብረት ቁጥጥር ጥሩ ልምድ አለኝ» ቢለኝ ከ5 ሁለት እሰጠዋለሁ። እንዲህ ቢለኝ ግን ብዕሬ አያርፍም፦

«መዝገቡና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ አይገጥምም ነበር። የእኔ ድርሻ የወጪ ሰነዶችን መመዝገብ ነበር። የሁለት ወሩን ሰነድ አንድ በአንድ ከቆጠራው ጋር ሳመሳክር፣ በማታ ፈረቃ የሚወጣው ዕቃ የሚመዘገበው በማግስቱ እንደሆነ፣ ልዩነቱም ከዚያ እንደሚመጣ አገኘሁ። ዕቃው ሲወጣ እዚያው የሚፈረምበት ቅጽ አዘጋጅቼ ለኃላፊዬ አቀረብኩ፤ ፈቀዱ። በሚቀጥለው ቆጠራ የማይገጥመው ዕቃ ከ40 ወደ 3 ወረደ።»

አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ግን ሰውየው ምን እንዳየ፣ ምን እንዳደረገ፣ ኃላፊውን እንዳላለፈ፣ ውጤቱንም እንደለካ ይነግረኛል። ቁጥር ከሌላችሁ አትፍጠሩ፤ «ከዚያ በኋላ ቅሬታ አልመጣም» ማለትም ውጤት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጨዋ ሰዎችን የሚጎዳ ነገር አለ። ትሕትና ይዟቸው የሠሩትን ሁሉ «እኛ ሠራን» ይላሉ። ጠለቅ ተብሎ ሲጠየቁም «ያው ተባብረን ነው» ብለው ያልፉታል። ጨዋነቱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የምቀጥረው ቡድኑን አይደለም። ሁለቱን አስታርቁት፦ «ሥራውን አራት ሆነን ነው የሠራነው፤ የእኔ ድርሻ ይህ ነበር።» እንዲህ ያለ ሰው አልኮራም፣ ራሱንም አልሰወረም።

የጻፋችሁትን ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ። በዝምታ ማንበብ አይጠቅምም፤ አፍ ሌላ ነው። በስልካችሁ ቅዱትና ስሙት፤ ከሁለት ደቂቃ ካለፈ ቁረጡት። ቃል በቃል ግን አትሸምድዱ። የሸመደደ ሰው መሐል ላይ ሌላ ጥያቄ ስጥልበት ከመጀመሪያው ይጀምራል።

«እስኪ ስለ ራስህ ንገረን»

ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚባክነው ግን እዚህ ነው። የትውልድ ቦታ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት፣ የወላጆች ሁኔታ እያለ ሲወርድ ስለ ሥራው ሳይነሳ አምስት ደቂቃ ያልፋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰሎሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1946 ባደረገው ጥናት ስለ አንድ ሰው የሚናገሩ ተመሳሳይ ቃላትን ለሁለት ቡድኖች በተለያየ ቅደም ተከተል አነበበላቸው። አስተዋይነቱንና ታታሪነቱን አስቀድመው የሰሙት፣ ግትርነቱንና ቅናቱን አስቀድመው ከሰሙት የተሻለ ሥዕል ያዙ። ቃላቱ አንድ ናቸው፤ የተለየው የትኛው ቀደመ የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ ለቦታው ከሁሉ የሚጠቅመውን ነገራችሁን በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ተናገሩ፦ አሁን ምን እሠራለሁ፣ ከዚህ በፊት ከሠራሁት ለዚህ ቦታ የሚሆነው የትኛው ነው፣ ይህን ሥራ ለምን ፈለግሁት። ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥ።

አስቸጋሪ ጥያቄዎች

ስለ ድክመታችሁ ስትጠየቁ «ሥራ አበዛለሁ» ወይም «ሁሉም ነገር ፍጹም እንዲሆን እፈልጋለሁ» አትበሉ። ይህን መልስ እንደ ሰማን ብዕራችንን እናስቀምጣለን። እውነተኛ፣ ግን የሥራውን እምብርት የማይነካ ነገር ምረጡና ምን እያደረጋችሁበት እንደሆነ ተናገሩ። «ሰው ፊት ስናገር እቸኩል ነበር፤ አሁን ስብሰባ ከመግባቴ በፊት ሦስት ነጥብ በወረቀት እይዛለሁ» ያለ ሰው ራሱን እንደሚያውቅ አሳየን።

የቀድሞ መሥሪያ ቤታችሁን ለምን እንደለቀቃችሁ ስትጠየቁ እውነቱን በአጭሩ ተናገሩና ወደፊት እለፉ። ተበድላችሁም ይሆናል። በደላችሁ እውነት ቢሆንም እኛ ሌላውን ወገን መስማት አንችልም፤ የምንሰማው የእናንተን ምሬት ብቻ ነው። «የምማረው ነገር አልቆ ነበር»፣ «ኮንትራቱ ተጠናቀቀ»፣ «የአሠራር ልዩነት ነበረን፤ በሰላም ተለያየን» ይበቃል። በሕመም፣ በቤተሰብ ጉዳይ ወይም ሥራ በማጣት ከሥራ ዓለም የራቃችሁበት ጊዜ ካለም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ንገሩን። የሚያሳፍር ነገር የለውም። እኛን የሚያሳስበን ዓመተ ምሕረት ለመሸፈን ሲቪ ላይ የሚደረግ ማዛባት ነው፤ ሪፈረንስ ብላችሁ ስማቸውን ለሰጣችሁን የቀድሞ ኃላፊዎቻችሁ ስንደውል ይወጣል። የማትይዙትን የምስክር ወረቀት ወይም ያልነበራችሁን የሥራ መደብ አትጻፉ። ከተቀጠራችሁ ከዓመታት በኋላ ቢገኝ እንኳ ያስባርራል።

የማታውቁት ጥያቄ ሲመጣ አትቀባጥሩ። ለላቦራቶሪ ሥራ የቀረበች አንዲት አመልካች ስለ አንድ መሣሪያ ተጠየቀች። «በዚህ መሣሪያ አልሠራሁም» አለች፤ «የሠራሁበት የቀድሞው ሞዴል ነው። አዲስ መሣሪያ ሲገባ መጀመሪያ መመሪያውን አነባለሁ፣ ከዚያ ውጤቱ በሚታወቅ ናሙና ሞክሬ አረጋግጣለሁ፤ ያን ሳላደርግ የታካሚ ናሙና አላስገባም።» ሦስታችንም ሳንመካከር ከፍተኛውን ነጥብ ሰጠናት። አላውቅም ማለቷ ብቻ አልነበረም ያሳለፋት፤ ከአላውቅም ቀጥሎ የምትሄድበትን መንገድ ማወቋ ነው። ለማሰብ ጊዜ ከፈለጋችሁም «ትንሽ ላስብበት» በሉ። አሥር ሰከንድ ዝምታ ለእናንተ ይረዝማል እንጂ ለእኛ አይታወቀንም።

ትዳር ይዘሽ እንደሆነ፣ ልጅ መውለድ ታስቢ እንደሆነ፣ የየትኛው እምነት ተከታይ እንደሆንክ የሚጠይቁ አሉ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ቅጹ ላይ መኖር የለበትም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው ቁጥር 111 ስምምነት በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በዘርና በትውልድ ምክንያት በቅጥር ላይ የሚደረግን አድልዎ የሚከለክል ነው። ቢሆንም ወንበሩ ላይ ሆኖ መሟገት ለሁሉም አይመችም። «በተባለው ሰዓትና ቦታ ለመሥራት የሚያግደኝ ነገር የለም» ብሎ መመለስ ይቻላል። ጥያቄውን ጽፋችሁ ያዙት። ያ ቤት ከገባችሁበትም በኋላ ምን ሊመስል እንደሚችል ይነግራችኋል።

ደመወዝ ላይ፣ ለተመሳሳይ ሥራ በገበያው ምን እንደሚከፈል ሳታጣሩ አትግቡ። መጀመሪያ ለቦታው የተያዘውን መጠን ጠይቁ። ካልነገሯችሁ ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ተናገሩ፤ ዝቅተኛው ቁጥር ግን በደስታ የምትሠሩበት ይሁን፤ ብዙ ጊዜ የሚያዘው እሱ ነውና። የዓመት ፈቃድ፣ የሕክምና ዋስትና፣ የትርፍ ሰዓት አከፋፈልም የደመወዙ አካል ናቸው፤ ጠይቁ።

ዕለቱ

ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። አለባበሳችሁ በዚያ ቤት ያሉ ሠራተኞች በአዘቦት ከሚለብሱት ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን። ስልክ ይጥፋ፤ መንዘሩም ይሰማል። በር ላይ ያለውን ጥበቃና እንግዳ ተቀባይዋን በሥርዓት ሰላም በሉ። አመልካቾች ከሄዱ በኋላ ጠባያቸው እንዴት እንደነበረ የምንጠይቀው እነሱን ነው፤ ለእኔ የሚናገሩት ሚዛን አለው። በቪዲዮ ከሆነ ብርሃኑ ከፊታችሁ እንጂ ከጀርባችሁ አይምጣ፤ ካሜራው ዓይናችሁ ትክክል ይሁን፤ መስመሩ ቢቋረጥ የሚደወልበትን ስልክ አስቀድማችሁ ላኩ።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አላችሁ?» ስንል «የለኝም» አትበሉ። «ለዚህ ቦታ የሚቀጠረው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምን ቢያከናውን ትደሰታላችሁ?» የሚለው ከሁሉ ይሻላል፤ መልሱ ሥራው እንደ ማስታወቂያው መሆን አለመሆኑን ያሳያችኋል። በማግስቱ ሁለት መስመር የምስጋና መልእክት መላክ ጥሩ ነው። በተባለው ቀን መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ በትሕትና ጠይቁ። ካላለፋችሁ የት ላይ እንደጎደላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ሁሉም አይመልስም፤ እኔ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ እመልሳለሁ፤ የሚጠይቀው በጣም ጥቂት ነው።

ከተቀጠራችሁ በኋላ

ቃለ መጠይቅ ላይ የፈለግነው ማስረጃ ሥራ ላይም አይቀርም። አሁን የሚሞላ ቅጽ የለም፤ ግን ኃላፊያችሁም ባልደረቦቻችሁም የተናገራችሁትንና የሠራችሁትን ያስተያያሉ።

ሥራ ሲሰጣችሁ ወዲያው «እሺ» ብላችሁ አትሂዱ። የገባችሁን መልሳችሁ ተናገሩ፦ «የሦስቱን ወር ወጪ በየክፍሉ ለይቼ እስከ ሐሙስ ከሰዓት ላቅርብ፤ ለስብሰባው ስለሆነ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ልክ ነኝ?» ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ስንት ጠብ እንዳስቀረች ቆጥሬ አልጨርስም። ኃላፊው ዘጠኝ ገጽ ጠብቆ፣ ሠራተኛው አንድ ገጽ አምጥቶ፣ ሁለቱም ተቀያይመው እኔ ቢሮ የሚመጡት ይህ ሳይባል ቀርቶ ነው።

ከሁሉ በላይ አደራ የምለው መጥፎ ወሬ እንዳታዘገዩ ነው። ሐሙስ እንደማይደርስ ማክሰኞ ካወቃችሁ ማክሰኞ ተናገሩ። ማክሰኞ የተነገረ መዘግየት መፍትሔ ይፈለግለታል፤ ሰው ይጨመራል፣ ስብሰባው ይገፋል። ሐሙስ ማታ የተነገረ ግን ኃላፊውን በሌሎች ፊት ያሳፍረዋል፤ ያን አይረሳውም። ሰው ስህተቱን የሚደብቀው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ስለሚፈራ ነው። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና፣ ጥሩ የሚመሩት ቡድኖች በመድኃኒት አሰጣጥ ላይ ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ስህተት ተመዝግቦባቸው አገኘች። ነገሩን ስትመረምረው ለዚያ አሳማኝ ሆኖ ያገኘችው ምክንያት እነዚያ ቡድኖች ስህተታቸውን ሳይፈሩ መናገራቸው ነበር፤ ሌሎቹ ዘንድ ይደበቅ ነበር። ስለዚህ ይህን ለኃላፊዎችም እላለሁ፦ ስህተቱን ራሱ ይዞ የመጣውን ሰው ሰው ፊት ከጮኻችሁበት፣ ቀጣዩን ስህተት የምትሰሙት ከደንበኛ ነው። ስትናገሩም ባዶ እጃችሁን አትምጡ፦ ምን እንደሆነ፣ እስካሁን ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን እንደምትፈልጉ።

ከኃላፊያችሁ ጋር ካልተስማማችሁ ለብቻቸው ሲሆኑ ንገሯቸው፤ ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ አንድ ጊዜ በግልጽ አስረዱ። ውሳኔው ሌላ ከሆነና ሕግ የማይጥስ ከሆነ እንደ ራሳችሁ ሐሳብ አድርጋችሁ ሥሩት። ሕግ የሚጥስ ወይም ሰው የሚጎዳ ከሆነ ግን ትእዛዙ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። በደል ወይም ትንኮሳ ሲደርስባችሁም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል፣ ማን እንደነበረ በዕለቱ ጻፉ። «ሁልጊዜ ያንቋሽሸኛል» የሚል አቤቱታ ይዤ ምንም ማድረግ ያቃተኝ ጊዜ አለ፤ አራት ቀን ከነዝርዝሩ የያዘ አቤቱታ ግን ማንም ሊያልፈው አይችልም።

ኢሜይል ስትጽፉ የምትፈልጉትን በመጀመሪያው መስመር አድርጉ፤ ርእሱ ባዶ አይሁን። በንዴት የጻፋችሁትን ሳትልኩ አሳድሩት። የሌላ ሰው ሥራ ስታቀርቡ ስሙን ጥሩ። ሰው ስለሌለ ሰው ሲያወራ አብራችሁ አታውሩ፤ ዝም ማለት ካቃታችሁ ወሬውን ወደ ሥራ መልሱት። የደመወዝ፣ የሕመም፣ የደንበኛ መረጃ በእጃችሁ ካለፈ እዚያው ይቅር።

ስትለቁም በወጉ ልቀቁ። ውላችሁ የሚለውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ አክብሩ፤ ለኃላፊያችሁ ከሌላ ሰው ከመስማታቸው በፊት ራሳችሁ ንገሩ። ከዚያም የርክክብ ሰነድ አዘጋጁ፦ የተጀመሩ ሥራዎች የት እንደደረሱ፣ ፋይሎቹ የት እንዳሉ፣ በየወሩ የማይቀሩት ቀነ ገደቦች፣ ለየትኛው ጉዳይ ማን እንደሚጠየቅ። የሚተካችሁ ሰው ካለ ቢያንስ አንድ ቀን አብራችሁት ሥሩ። ሰነዱን በሁለት ቅጂ አስፈርሙና አንዱን ለራሳችሁ አስቀሩ፤ ከወራት በኋላ «ይህ ንብረት የት ገባ?» ተብሎ ሲደወልላችሁ የምታወጡት እሱን ነው።